ቡችላ የተባለው ልጅ

ባትማ ኤጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን መምጣት የጀመረችው ለምድጃው ብላ ነው። ሐሜት እያወራሁ አይደለም፤ ራሷ ናት ለሰው ሁሉ የምትናገረው። (ኤጄ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት ሁሉ እንዲያ እንላታለን።) በዚያ ዓመት በበረዶው ወራት የቤቷ ምድጃ ጭስ ማውጫ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ጋ ደግሞ ከሰል አይጠፋም። የቃራ ቡላክ መንደር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ፤ ኃላፊውም፣ ወለል ጠራጊውም፣ ከሰል ተሸካሚውም እኔው አናርኩል ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች እኔ ጋ ይሰበሰባሉ። ነገሩን የጀመሩት ሽማግሌው ሞልዶኩል ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም። አንድ ቀን ከቤት እድሳት የተረፈ የግድግዳ ወረቀት ጥቅል በብብታቸው ሸጉጠው መጡና ጀርባውን ገልብጠው ወለሉ ላይ ዘረጉት። ከእሳቸው እስከ አሥራ አራተኛው አባታቸው ድረስ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

"ይኼ ከኔ ጋር አፈር መግባት የለበትም" አሉ።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ የግድግዳ ወረቀቱን እየጠቀለለ ይመጣ ጀመር። አንዱ የአያቱን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ከመቃብር ድንጋይ የገለበጠውን፣ ሌላው ከአክስቱ አፍ የሰማውን። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ሬዲዮ ጠጋኙ ሱዩንቤክ ኮምፒዩተሩን ይይዛል፤ እኔ ለመዝገብ ቤቶች ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ባትማ ኤጄ ደግሞ ከምድጃው ሥር ተቀምጣ ሻይ ትቀዳልናለች። ሠላሳ አምስት ዓመት አዋላጅ ነበረች። የመንደሩ ግማሽ የተወለደው በእጇ ስለሆነ ስንከራከር ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ታርመናለች። "የለም፣ የለም! ታናሽየው የተወለደው በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ነው። በረዶ ውስጥ በፈረስ ነው የሄድኩት" ካለች የጻፍነው ሁሉ ይሰረዛል። የሰውን ሁሉ ልደት ታውቃለች። የገዛ አባቷ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም ነበር፤ እኛም ይህን አናውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሞልዶኩል በነገር ወጓት።

"አንቺ አዋላጅ፣ ሻይ ስትቀጂልን ዓመት ሊሞላሽ ነው። ወረቀትሽ የታለ?"

"የኔ አንድ መስመር ናት፤ የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ይበቃታል።"

"እሷኑ አምጫት እንጂ! ሁላችንም በአንድ መስመር ነው የጀመርነው።"

"እርስዎ በአሥራ አራት ነው የጀመሩት፣ ውሸት ነው?"

ሰው ሳቀ። እሷ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና እጆቿን በጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ያለወትሮዋ ዝግ ብላ መናገር ጀመረች።

አባቷ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ትራክተር ነጂ ነበር። በትልቁ ረኃብ ጊዜ ከተገኙት ልጆች አንዱ ነው። ስሙ ኩቹክ ይባላል፤ ቡችላ ማለት ነው። የማሳደጊያው ጸሐፊ ሌላ ስም ስላላገኘለት የቤተሰብ ስሙንም ከዚያው አወጣለት፤ ኩቹኮቭ ተባለ። ባትማ ትምህርት ቤት ስሟ በተጠራ ቁጥር የኋላ ወንበር ልጆች እንደ ውሻ ይጮኹባት ነበር።

"ያ ግድ አልሰጠኝም" አለች። "የሰርጌ ቀን ነው ያንገበገበኝ።"

እኛ ዘንድ ሰባት አባቱን የማይቆጥር ሰው ባሪያ ነው ይባላል። ክፉ ተረት ነው፤ ግን ይባላል። በሰርጓ ማዕድ ላይ የባሏ አጎት ቀና ብሎ፣ "እስቲ የሙሽራዪቱን ሰባት አባቶች እንስማ" አለ። አባቷ ከመቀመጫው ተነሣ። "የመጀመሪያው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛው ረኃብ። አምስቱ ሥራ በዝቶባቸው አልመጡም" አለ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ትንሽ ቆይታ እናቷ ልትፈልገው ብትወጣ ከጎተራው ጀርባ ብቻውን ቆሞ ሲቆጥር አገኘችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥር፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ።

"ምን ይቆጥራል?" አለ ሱዩንቤክ።

"ከልጅነቱ የሚያስታውሰው አንዲት ነገር ብቻ ናት። አንዲት እጇ የተሰነጣጠቀ ልጅ ደረጃ ላይ አስቀምጣው፣ 'እስከ አሥር ቁጠር፤ ስትጨርስ መጥቻለሁ' አለችው። ቆጠረ። አልመጣችም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና ቆጠረ። ማን እንደሆነች አያውቅም። ሲከፋው እስኪሞት ድረስ ይቆጥር ነበር። 'ያቺ ውሸታም' ይላት ነበር። በሕይወቱ ሰው ቀጥሮ አንድ ደቂቃ አርፍዶ አያውቅም።"

ሞልዶኩል ቆባቸውን አውልቀው በጣታቸው ጫፍ አቧራ የሌለበትን ቦታ አራገፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊ!" አሉኝ፤ ያጠፋሁት እኔ የሆንኩ ይመስል።

ጻፍኩ። በማሳደጊያው ስም፣ በአውራጃው ስም፣ በሁለት ዓይነት የስም አጻጻፍ ለሦስት መዝገብ ቤቶች ጻፍኩ። ሁለቱ የለም አሉ። የአፕሪኮት ዛፎቹ አብበው ሲረግፉ ከሦስተኛው አንዲት ገጽ መጣችልን። ባትማ ኤጄ መነጽሯን ረስታ ስለመጣች እኔ አነበብኩላት። "ወንድ ልጅ። ዕድሜ አራት ገደማ። ስም፦ ኩቹክ፤ ራሱ የተናገረው። ያመጣው፦ ስሟ ያልታወቀ ልጃገረድ። አባት፣ እናት፣ ጎሣ፦ አልታወቀም።" ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ ወር በኋላ ከሌሎች ልጆች ጋር ከተራራው ማዶ ወዳለ ሌላ ማሳደጊያ መዛወሩ ተጽፏል።

ባትማ ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "በቃ፤ ይኼም ትልቅ ነገር ነው" አለች። "ቢያንስ ሰው አምጥቶታል። መንገድ ላይ አልተጣለም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆች።" በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁላችንም ቅቤ የተቀባ ትኩስ ቂጣ ይዛ መጣች። ነገሩ ያለቀለት መስሎን ነበር።

በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሞልዶኩል አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ይዘው መጡ። በጎልማሳነታቸው በተራራው ግጦሽ ሁሉ እየዞሩ ፈረስና በግ ሲያክሙ ያገኟቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ የዘር ሐረግ እያስቆጠሩ ይቀዱ ነበር። ያኔ መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር ስለማይወድ ካሴቶቹ ላይ የጻፉት "የበግ እከክ አንድ"፣ "የበግ እከክ ሁለት" ብለው ነው። ሱዩንቤክ ከአሮጌ ዕቃዎቹ መካከል አንድ ማጫወቻ ጠግኖ አመጣ። የተጠላለፈውን ክር በእርሳስ እየጠመጠመ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጣቸው ገባ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ "የበግ እከክ ዘጠኝ" ተራ ደረሰ። አንድ ሻካራ ድምፅ ያለው ሽማግሌ አባቶቹን እየቆጠረ ጨረሰ። ውሻ ሲጮኽ፣ ሣህን ሲንኳኳ ተሰማ። ሞልዶኩል እጃቸውን አነሡ።

"በቃ አጥፋው፣ ሱዩንቤክ። ከዚህ ወዲያ የሴት ልቅሶ ነው።"

"ተወው እባክህ" አለች ባትማ። "ልቅሶ እወዳለሁ። ዛሬ ዛሬ ደህና አልቃሽ የት ይገኛል?"

ሱዩንቤክ ተወው። ከካሴቱ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ "የኔንም ያዝ እንጂ" ሲል ተሰማ። ከዚያ የሞልዶኩል የጎልማሳነት ድምፅ፣ ችኩል፦ "ኤጄ፣ መንገድ አለብኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው።" ሴትዮዋ መለሰች፦ "ፈረሶቼን ፈውሰሃል፤ ኩሚሴን፣ የፈረስ ወተቴን፣ ጠጥተሃል። አሁን ደግሞ ትሰማኛለህ።" እኛ ሳቅን። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ታለቅስ ጀመር።

*ሞት እንዳያውቅህ ቡችላ ያልንህ፣*
*ከሞት ሸሽጌ ለሰው የሰጠሁህ፣*
*እስከ አሥር ቁጠር ብዬ ያታለልኩህ፣*
*አሥር ስንት ዓመት ነው? የት ልፈልግህ?*

ሳቃችን ቆመ። ባትማ ኤጄ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ማጫወቻው ሄደችና አጠገቡ ቆመች። ሴትዮዋ ዜማውን ትታ እንደ ወሬ ማውራት ጀመረች። ከእሱ በፊት አምስት ልጆች ሞተውብን ነበር አለች። ሞት እንዲንቀው ብለን ቡችላ አልነው። ሞት እሱን ናቀው፤ አባቴንና እናቴን በአንድ ወር ወሰዳቸው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አዝዬው ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤ እዚያ ልጆች የሚያበሉበት ቤት አለ ሲሉ ሰምቼ። ትንንሾቹን ነው የምንቀበል፣ አንቺ ትልቅ ነሽ አሉኝ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። እንዳያለቅስ እስከ አሥር ቁጠር፣ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ አልኩት። አርባ ቀን ሰው ቤት ሠራሁ። ዳቦውን ይዤ መጣሁ። ልጆቹ ወደ ተራራው ማዶ ተወስደዋል አሉኝ። የትኛው ተራራ ብል የሚነግረኝ አጣሁ። ዙሪያውን ሁሉ ተራራ ነው።

ካሴቱ ጠቅ ብሎ ቆመ።

"እንደገና" አለች ባትማ።

ሱዩንቤክ መለሰው፤ ሰማን። "እንደገና" አለች። ሰማን። ሦስተኛው ሲያልቅ ወደ እኛ ዞረች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

"አባቴ ነው" አለች። "እህቱ ናት። እህት ነበረችው።"

ሱዩንቤክ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወንበሩን ሰጣት። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ሞልዶኩልን ነው የምታየው።

"ይቺ ሴት ማን ናት?"

ሽማግሌው ከካርቶኑ ሥር ያረጀ ደብተር አውጥተው ገለበጡ። "ዘጠኝ... ዘጠኝ... ይኸው። ቱርዱቤክ፣ የአት ባሺ ሸለቆ። ሁለት የታመሙ ፈረሶች።"

"ቱርዱቤክ ባሏ ነው። ስሟስ?"

ሞልዶኩል ደብተሩን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለበጡ።

"ስሟን ነው የምጠይቅዎ።"

"አልጻፍኩትም" አሉ ሞልዶኩል። "ሴቶችን... አንጽፍም ነበር።"

"መቼ ነው የቀዱት?"

"ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል።"

ባትማ ኤጄ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ሻርፏን ምድጃው አጠገብ ረሳችው። ያኔ አባቷ በሕይወት ነበር። ከሞተ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። የሚኖረውም እዚሁ መንደር፣ ከሞልዶኩል ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም አልመጡም። ሻርፏን ይዤ ቤቷ ስሄድ ጓሮ ውስጥ እንጨት ስትፈልጥ አገኘኋት። አፈላለጧ እንጨት የሚያስፈልገው ሰው አፈላለጥ አልነበረም።

"አጥፋው ነው ያለው! ሰምተሻል አይደል፣ አናርኩል? ሠላሳ አምስት ዓመት በካርቶን ሲያፍናት ኖሮ አሁንም አጥፋው ነው የሚለው። አባቴ ውሸታም እያላት ሞተ። ውሸታም! በአርባኛው ቀን ዳቦ ይዛ መጥታ!"

እንጨቱን እየለቀምኩ ደረደርኩላት። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቴ ተመልሼ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የመጻሕፍት ቤት ሠራተኞች እርስ በርስ እንተዋወቃለን። አት ባሺ ሸለቆ ውስጥ ላለችው ጓደኛዬ ደወልኩና፣ ቱርዱቤክ የሚባል ፈረስ አርቢ ዱሮ ነበረ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በማግሥቱ መልሳ ደወለችና ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፤ የሴት ልጁ ነው፤ ካንሻይ ትባላለች፣ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታል፣ ጮኸሽ አናግሪያት።

ጮኼ አናገርኳት። ነገሩን በአጭሩ ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ሃሎ? ካንሻይ ኤጄ?"

"ቡችላ አለ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"አረፈ። ልጁ ግን አለች።"

"እናቴ ቤታችን ቡችላ አሳድጋ አታውቅም" አለች ሴትዮዋ። "ሌላው ሁሉ ውሻ አለው፤ እኛ የለንም። ጎረቤት 'ና ቡችላ፣ ና ቡችላ' እያለ ሲጠራ ከሰማች የያዘችውን ጥላ ትገባለች። ልጅ ሆነን እንስቅባት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለን።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አብሬ። የእናቷ ስም ሰይዴ ነበር።

ይህን ይዤ ወደ ባትማ ስሮጥ የሞልዶኩልን በር ሳልፍ ሁለቱን አብረው አየኋቸው። ቀድማኝ ሄዳለች። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጠዋል፤ ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ እሷ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ምን ሊባባሉ ነው ብዬ እየፈራሁ ተጠጋሁ።

"ይቺን በር የሠራልኝ አባትሽ ነው" ይላሉ ሽማግሌው። "በዚያው በጋ። ማጠፊያዋን ሲበይድ ውሎ እዚህ ቁጭ ብሎ ነው ምሳ የበላ። ካሴቱ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከዚህ እስከዚያ። ስንት እርምጃ ነው? እስቲ አንቺው ቁጠሪው።" "እሱን የመሰለ ሰው ሰባት አባት የለውም ብዬ በሆዴ አዝንለት ነበር እኮ። እኔ ደንቆሮ!"

ባትማ ኤጄ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ከሳምንት በላይ ስረግምዎ ነው የከረምኩት" አለች። "እንጨቴ ሁሉ አለቀ። ዛሬ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ሳስበው፣ ያን ቀን ዝናቡን ፈርተው ቢነሡ ኖሮ ምን ይተርፈኝ ነበር? ሰምተዋታል። አልወደዱትም እንጂ ሰምተዋታል። ያንን ካርቶን ሦስት ጊዜ ቤት ሲያድሱ አልጣሉትም። ሚስትዎ እንኳ ጣለው ስትል አልጣሉትም።"

"እሷ ማንን ሰምታ ታውቃለች" አሉ ሞልዶኩል አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

"እና እግዜር ይስጥልኝ ልልዎ ነው የመጣሁ። ይቅር ብዬዎ እንደሆን ገና አላውቅም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ምስጋናው ግን ሊቆይ አይገባም።"

እኔ ያን ጊዜ ስሙን ነገርኳቸው። "ሰይዴ" አለች ባትማ። ደግማ "ሰይዴ" አለች፤ ገና የተወለደ ሕፃን ለእናቱ ስታሳይ እንደምትናገረው ዓይነት። ሞልዶኩል ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ወረቀት ቢያጡ መዳፋቸው ላይ ጻፉት።

በሳምንቱ አራታችን በሱዩንቤክ መኪና ወደ አት ባሺ ሄድን። ሰባት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ሞልዶኩል ያከሙትን በግ ሁሉ ታሪክ ስለነገሩን አሥራ አራት ሰዓት መሰለን። ካንሻይ ኤጄ ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ ጋር መንገዱ ዳር ቆማ ትጠብቀን ነበር። ባትማ ከመኪናው ገና እግሯን ስታወርድ አሮጊቷ በእናቷ ዜማ ለቅሶ አነሣች፤ እያለቀሰች መጣች፤ እያለቀሱም ተቃቀፉ። ከዚያ ካንሻይ የባትማን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ስታገላብጣት ቆየችና፣ "አፍንጫው የኛ ነው" አለች። "ምስኪን፣ ይኼ ብቻ ነው የተረፈሽ ውርስ፤ እሱም አስቀያሚ ነው።" ሁለቱም በእንባቸው መሐል ሲስቁ አፍንጫቸውን አየሁት። እውነት ነው፤ አንድ ነው።

በግ ታረደ። ሥጋው እስኪበስል ካንሻይ ባትማን አጠገቧ አስቀምጣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ታስቆጥራት ገባች። ኩቹክ፣ የጃኒባይ ልጅ፤ ጃኒባይ፣ የቶሎክ፤ ቶሎክ፣ የኤሰንጉል፤ ኤሰንጉል፣ የሳርባን፤ ሳርባን፣ የቡርጎ፤ ቡርጎ፣ የኪዲክ። ባትማ ሳርባን ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሰናከላለች። የካንሻይ የልጅ ልጆች ይስቁባታል። ሞልዶኩል ወረቀት ዘርግተው በጉልበታቸው ተንበርክከው ይጽፋሉ።

"የጃኒባይ ሚስት ማን ነበረች?" ብለው ጠየቁ።

እኔና ሱዩንቤክ ተያየን።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ። "የሚጠየቅ ነገር ነው የጠየቅኩ።"

ካንሻይ ነገረቻቸው፤ ጻፉት። ሰይዴንም ከወንድሟ ጎን በትልቁ ጻፏት። ከዚያ ካንሻይ የእሳቸውን ጎሣ ጠይቃ ስትሰማ ዓይኗን አጠበበች።

"እንዴ! እናንተ አይደላችሁ በቅድመ አያቴ ጊዜ ሁለት ግራጫ ፈረስ የሰረቃችሁን?"

"ሦስት ናቸው" አሉ ሞልዶኩል ኮራ ብለው። "ስለዚህ ነው ሁለቱን በነፃ ያከምኩላችሁ።"

ሥጋው ከቀረበ በኋላ ካንሻይ ሌላም ነገር ነገረችን። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ሞት ሲረሳው፣ አባቱ እውነተኛ ስም ሊያወጣለት አስቦ ነበር። ስሙም ተመርጦ ተቀምጦ ነበር፤ አማን። ሰይዴ ይህን ስም ከእሱ በቀር ለማንም ሰው እንዳይሰጥ ከልክላ፣ በቤታቸው የተወለደ አንድም ወንድ አማን ተብሎ አያውቅም።

"ስምሽን ትለውጫለሽ?" አልኳት ባትማን በመንገድ ስንመለስ። "አሁን አማኖቫ መባል ትችያለሽ።"

"አይ፣ አልለውጥም። ቡችላ ነው ያሳደገኝ። አማንን ገና መተዋወቄ ነው።"

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት ካንሻይ ኤጄ በተራዋ ወደ እኛ መጣች፤ አራት ቀን ተቀመጠች። በመጀመሪያው ቀን የዘይቱ ሽታ ለሙታን እንዲደርሳቸው ሊጥ ጠበስን፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ መቃብሩ ወጣን። ሞልዶኩል ቁርዓን አነበቡ። ካንሻይ ከቤቷ በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ዳቦ አወጣች። በድንጋዩ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ቆርሳ ቆርሳ ለሁላችንም አደለችን፤ በመንገድ ለሚያልፉትም ጭምር። ከዚያ ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዋ ስለማይሰማ እንደ ልማዷ ጮኻ ተናገረች።

"አጎቴ፣ እኔ የሰይዴ ልጅ ነኝ! እናቴ በአርባኛው ቀን መጥታ ነበር! አጣችህ እንጂ አልረሳችህም! ይህን ንገሪው ብላኛለች፤ ነገርኩህ!"

ባትማ ክንዷን ያዘቻት። ሁለቱ አሮጊቶች ቁልቁለቱን ተደጋግፈው ሲወርዱ እኛ ከኋላ ነበርን። ሱዩንቤክ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ሲጋራ ይፈልጋል፤ ማጨስ ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው።

የባትማ ኤጄ ጭስ ማውጫ ከተጠገነ ቆይቷል። ቅዳሜ ግን አትቀርም። አሁን ሥራ አላት። የሞልዶኩልን ካሴቶች አንድ በአንድ እየሰማች የሴቶቹን ስም ትመዘግባለች፤ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ አግኝታለች፤ ለአራቱ ዘመዶቻቸውን ፈልገን ደውለናል። ሞልዶኩል አጠገቧ ተቀምጠው የትኛው ሸለቆ፣ የማን ድንኳን እንደነበረ ያስታውሱላታል፤ ሲሳሳቱ ትቆጣቸዋለች፤ እሳቸውም ይቆጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ከላይኛው መንደር አንዲት ሴት ባዶ እጇን መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ "እኔ የምጽፈው ነገር የለኝም፤ እንዲያው ለማየት ነው" አለች። ባትማ ኤጄ ሻይ ቀዳችላትና ወንበር ሳበችላት።

"ተቀመጪ" አለቻት። "የምታውቂያትን አንዲት ነገር ብቻ ንገሪን።"